ፍሬድሪክ ባንቲንግ፤ ስኳር በሽተኞችን ከሞት አፋፍ የመለሰው የገበሬ ልጅ

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና የሚሄድ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ረዳቱ ዘነበወርቅ ብሎ ሲጣራ መስማቱ አይቀርም። ያ ሰፈር የኔ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ ሲሆን፣ በስማቸው የተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል እዚሁ ነበር። በ1965 አለርት ተቋቋመ፤ በ1970 ደግሞ የሥጋ ደዌን ተህዋሲ ባገኘው ኖርዌጂያዊ ሐኪም ስም የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም እዚያው ግቢ ተከፈተ። (አንባቢ ግራ እንዳይጋባ፣ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከየክፍለ ሀገሩ መድኃኒት ፍለጋ የመጡ ሕሙማን በዚያው ቀርተው፣ ወልደው ከብደው ሰፈር መሠረቱ። ስለዚህ የዘነበወርቅ ልጅ፣ አይድንም የተባለ በሽታ ምን ማለት እንደሆነ፣ መድኃኒት ሲገኝለት ደግሞ ሰው እንዴት ቀና እንደሚል ከትልልቅ ሰዎች ወሬ እየሰማ ነው የሚያድገው።

እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ ሥጋ ደዌ አይደለም። ስለ ስኳር ነው።

ቤታችን ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ማሰሮ አለች። ወጥ አይሠራባትም። ውስጧ እርጥብ አሸዋ ነው፤ አሸዋው መሃል በፌስታል የተጠቀለለ የኢንሱሊን ብልቃጥ ይቀመጣል። ፍሪጅ ስለሌለን ሙቀት እንዳያበላሸው እናቴ በየቀኑ ውሃ ታርከፈክፍባታለች። ብልቃጡ የታናሽ ወንድሜ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጠዋትና ማታ ይወጋል።

ባለፈው ክረምት መርፌው አንገሸገሸው። ለማንም ሳይናገር ለሦስት ቀን ተወው። በአራተኛው ቀን ሲያስመልሰው፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ፣ አፉ እንደበሰበሰ ፍራፍሬ ሲሸት ነው የነቃነው። በሌሊት ተሸክመን ወሰድነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ሲሻለው አልጋው ላይ ተጋድሞ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ይህን መርፌ ማን እንደፈጠረው፣ ፈጣሪው ያን ያህል አዋቂ ከሆነ ደግሞ ለምን አንዴ ተወግቶ የሚድኑበት አድርጎ እንዳልሠራው ማወቅ ፈለገ። ጋዜጠኛ ልሆን የምማር ሰው መልስ አጣሁ። መምህራችን የአንድ ታዋቂ ሟች ሰው የሕይወት ታሪክ ጽፋችሁ አምጡ ሲሉን የክፍል ጓደኞቼ ነገሥታትን፣ አርበኞችንና ድምፃውያንን መረጡ። እኔ ወደ ቤተ መጻሕፍት የሄድኩት የወንድሜን ጥያቄ ይዤ ነው።

ከእርሻ ቤት እስከ ጦር ሜዳ

ፍሬድሪክ ግራንት ባንቲንግ ኅዳር 14 ቀን 1891 በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ አሊስተን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ለቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነበር። ጎበዝ ተማሪ የሚባል ዓይነት እንዳልነበረ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሁሉ ይስማማሉ። ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የጀመረው ሌላ ትምህርት ነበር፤ የመጀመሪያውን ዓመት ወደቀ። በ1912 ወደ ሕክምና ተዛወረ። እኛ ፈተና ሲከብደን ተስፋ የምንቆርጥ ተማሪዎች እዚህች ላይ ቆም ብለን ብናስብ ጥሩ ነው።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ሊዘምት ተመዝግቦ በዓይኑ ድካም ምክንያት ተመለሰ። ቆይቶ ግን ተቀበሉት። ጦሩ ሐኪም አጥሮት ስለነበር የእነ ባንቲንግ ክፍል ትምህርቱ ተጣድፎለት በ1916 መጨረሻ ተመረቀ። በ1918 ፈረንሳይ ውስጥ በካምብሬ ውጊያ ላይ ሳለ የፈንጂ ፍንጣሪ ክንዱን መታው። እሱ ግን ቁስሉን አስሮ ለሰዓታት ሌሎች ቁስለኞችን ሲያክም ቆየ። ለዚህም የጀግንነት ሜዳይ ተሸለመ።

ከጦርነቱ ሲመለስ ቶሮንቶ በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሥልጠናውን ጨረሰ፤ ቋሚ ሥራ ግን አላገኘም። በ1920 ክረምት ለንደን ወደምትባለው የኦንታሪዮ ከተማ ሄዶ ቤት ገዝቶ ክሊኒክ ከፈተ። ታካሚ ግን ከየት ይምጣ? ቁጭ ብሎ በር በር ሲያይ ሳምንታት አለፉ። በመጀመሪያው ወር ያገኘው ገቢ 4 ዶላር ብቻ ነበር። ኑሮውን ለመደጎም በከተማው ዩኒቨርሲቲ በትርፍ ሰዓት ማስተማር ጀመረ። እንግዲህ የዓለምን ታሪክ የለወጠው ይኸው የድጎማ ሥራ ነው።

ያኔ ስኳር ማለት

ወደ ባንቲንግ ሐሳብ ከመግባታችን በፊት በዚያ ዘመን ስኳር በሽታ ምን እንደነበረ እንይ።

የምንበላው እንጀራም ሆነ ዳቦ በሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል። ይህ ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ጡንቻና ወደ ሌላው አካል ገብቶ ኃይል እንዲሆን ኢንሱሊን ያስፈልገዋል። ኢንሱሊን በር ከፋች ቁልፍ ነው በሉት። የሚሠራውም ከጨጓራ ጀርባ ባለው ቆሽት ውስጥ ነው። ቁልፉ ከጠፋ ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል፣ በሽንት ይወጣል፣ አካል ግን በጥጋብ መሃል ይራባል። ከዚያ የራሱን ስብ ማንደድ ይጀምራል፤ የሚቃጠለው ስብ የሚተወው አሲድ ደሙን ይመርዛል። ወንድሜ ላይ የደረሰው ይኸው ነበር።

ጀርመናዊው ፓውል ላንገርሃንስ በ1869 ቆሽት ውስጥ እንደ ደሴት የተበታተኑ ልዩ የህዋስ ስብስቦች አይቶ ነበር። በ1889 ደግሞ ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የተባሉ ተመራማሪዎች የውሻ ቆሽት ቆርጠው ሲያወጡ ውሻው ስኳር በሽተኛ ሆነ። ስለዚህ ነገሩ ከቆሽት እንደሚመጣ ከታወቀ ሰንብቷል። ችግሩ ያንን ነገር ማውጣቱ ላይ ነበር። ቆሽት ምግብ የሚፈጭ ኃይለኛ ጭማቂም ስለሚሠራ፣ ሲጨመቅ ጭማቂው የተፈለገውን ንጥረ ነገር ያበላሸዋል ተብሎ ይታሰብ ነበር።

ሐኪሞች እስከዚያው የነበራቸው ብቸኛ ዘዴ ረሃብ ነው። አሜሪካዊው ዶክተር ፍሬድሪክ አለን ልጆቹን እየለካ ለነፍስ ያህል ብቻ ይመግባቸው ነበር። በስኳር መሞት የነበረባቸው ልጆች ለጥቂት ወራት፣ ሲብስም ለጥቂት ዓመታት ይቆያሉ፤ ነገር ግን አጥንታቸው እየተቆጠረ። ወላጅ የልጁን ሞት ለማዘግየት ልጁን ያስርባል። ከዚህ የባሰ ምን አለ?

ሌሊት የመጣች ሐሳብ

ጥቅምት 30 ቀን 1920 ማታ ባንቲንግ ለተማሪዎች የሚያስተምረውን ሲያዘጋጅ አመሸ። ርዕሱ ስለ ስኳርና ስለ ቆሽት ነበር። እሱ የአጥንት ሐኪም ስለሆነ ጉዳዩን ብዙም አያውቀውም። ከመተኛቱ በፊት ሞሰስ ባረን የተባለ ሐኪም የጻፈውን ጽሑፍ አነበበ። ጽሑፉ በጠጠር ምክንያት የቆሽቱ ቱቦ ስለተዘጋበት ሰው ይናገራል። ቱቦው ሲዘጋ ምግብ የሚፈጨውን ጭማቂ የሚሠራው የቆሽት ክፍል ሲጠወልግ፣ ደሴቶቹ ግን ደህና ሆነው ተገኝተዋል።

ባንቲንግ እንቅልፍ አልወስድ አለው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተነስቶ ደብተሩ ላይ ጥቂት መስመር ጫረ። የውሻን የቆሽት ቱቦ ማሰር፣ ጭማቂ ሠሪው ክፍል እስኪሞት መጠበቅ፣ ከዚያ ከቀሩት ደሴቶች ንጥረ ነገሩን ማውጣት የሚል ነበር። የሚገርመው፣ ያን ሌሊት የበሽታውን ስም እንኳ ፊደሉን አሳስቶ ነው የጻፈው። ስሙን በትክክል መጻፍ ያልቻለው ሰው መድኃኒቱን ሊያገኝ ሆነ ማለት ነው።

ሐሳቡን ይዞ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ወደነበሩት ወደ ፕሮፌሰር ጆን ማክላውድ ሄደ። ማክላውድ በዘርፉ የታወቁ ስኮትላንዳዊ ምሁር ነበሩ። ይህ ልምድ የሌለው ወጣት ሐኪም ብዙም አላስደሰታቸውም፤ ሆኖም የተወሰነ ቦታ፣ ጥቂት ውሾችና አንድ ረዳት ሰጡት። ረዳት ለመሆን የቀረቡት ሁለት ተማሪዎች ማን ቀድሞ እንደሚጀምር በሳንቲም ዕጣ ተጣጣሉ፤ ዕጣው ለቻርልስ ቤስት ወጣ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ በእኛ ዕድሜ ማለት ነው።

የ1921 ሙቀት

ሥራው ግንቦት 17 ቀን 1921 ተጀመረ። ማክላውድ ወደ አገራቸው ለእረፍት ሄዱ። ባንቲንግ ደመወዝ የለውም፤ ክፍሉ ይሞቃል፤ ውሾች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እየሞቱ ያስቸግራሉ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ግን ቆሽቷ የወጣ አንዲት ውሻ ንጥረ ነገሩን ስትወጋ በደሟ ያለው ስኳር ወረደ። ቀጥሎም ማርጆሪ የተባለች ውሻ ያለ ቆሽት 70 ቀን ገደማ በሕይወት ቆየች።

ታዲያ እውነቱን ለመናገር የዚያ ሌሊት ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ትክክል አልነበረም። በኋላ እንደታየው ቱቦውን ማሰር አያስፈልግም ነበር። ከቄራ የመጣ የከብት ቆሽት በአልኮል ታጥቦ ከተጠራ በቂ ሆኖ ተገኘ። ሮማኒያዊው ኒኮላይ ፓውሌስኮም በዚያው በ1921 የቆሽት ጭማቂ የውሻን ስኳር እንደሚያወርድ አሳትሟል። እንግዲህ ባንቲንግን ትልቅ ያደረገው የመጀመሪያው ሐሳብ ትክክል መሆኑ ሳይሆን፣ ሐሳቡን ይዞ እስከ ሰው ድረስ መሄዱ ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

በታኅሣሥ ወር ጄምስ ኮሊፕ የተባለ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ ቡድኑን ተቀላቀለ። የእሱ ሥራ ጭማቂውን ማጥራት ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ አራቱ ሰዎች ተሟሉ። ችግሩ ግን ድሩ ውስጡ ጠብ ነበረበት።

ሊዮናርድ የተባለው ልጅ

በቶሮንቶ ጠቅላላ ሆስፒታል ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ተኝቶ ነበር። ክብደቱ 30 ኪሎ አይሞላም። ጥር 11 ቀን 1922 ባንቲንግና ቤስት ያዘጋጁትን ጭማቂ ተወጋ። ስኳሩ በመጠኑ ወረደ፤ መድኃኒቱ ግን ንጹሕ ስላልነበረ የተወጋው ቦታ አበጠበት፤ ሕክምናው ተቋረጠ። አባትየው ምን እንዳሉ ታሪክ አልመዘገበውም። እኔ ግን እናቴን አስቤ ልገምት እችላለሁ።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ፣ ጥር 23 ቀን፣ ኮሊፕ ያጠራው መድኃኒት ተሰጠው። ስኳሩ ወረደ፤ ደሙን የሚመርዘው አሲድ ጠፋ፤ ልጁ ብርታት አገኘ። ከዚያ በኋላ ሊዮናርድ አሥራ ሦስት ዓመት ኖሮ በ1935 በሳንባ ምች ሞተ። አሥራ ሦስት ዓመት አንሶ ሊታይ ይችላል። ወንድሜ በዚህ ዓለም የኖረው ግን እስከ ዛሬ ያን ያህል ነው።

ከሊዮናርድ በኋላ ወላጆች ከየቦታው መጉረፍ ጀመሩ። ከእነሱ መሃል የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት የቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ ልጅ ኤልሳቤጥ ትገኝበታለች። በነሐሴ 1922 ቶሮንቶ ስትደርስ አሥራ አምስተኛ ዓመቷን ልትይዝ ጥቂት የቀራት ስትሆን፣ ክብደቷ 20 ኪሎ ገደማ ብቻ ነበር። በኢንሱሊን አገገመች፤ አደገች፤ አገባች፤ ልጆች ወለደች። የሞተችው በ1981 በሰባ ሦስት ዓመቷ ነው።

አንድ ዶላር

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ቦታ ይህ ነው። ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ የኢንሱሊንን የባለቤትነት መብት ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ሸጡት። ሚሊዮን ሊዛቅበት የሚችል ነገር ነበር። ዓላማው ሌላ ሰው ቀድሞ አስመዝግቦ መድኃኒቱን ብቻውን እንዳይዝ፣ ጥራቱም እንዳይበላሽ መጠበቅ ነበር። ባንቲንግ እንዲያውም ሐኪም ሆኖ በሕክምና መብት ላይ ስሙን ማስመዝገብ ከማይሰጠው መሐላ ጋር አልስማማ ብሎት መጀመሪያ ላይ አንገራግሮ ነበር።

በ1922 የጸደይ ወራት ኮሊፕ ያጠራበትን መንገድ ራሱ መድገም አቅቶት መድኃኒቱ ጠፋ። የዳኑ በሽተኞች እንደገና መውደቅ ጀመሩ። ዩኒቨርሲቲው ኢላይ ሊሊ ከተባለው የአሜሪካ መድኃኒት ፋብሪካ ጋር ውል ተዋዋለና በ1923 ኢንሱሊን በብዛት ተመርቶ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የኢንሱሊን ታሪክ የሳይንስ ብቻ ሳይሆን የአቅርቦትና የዋጋም ታሪክ ሆነ። በ1 ዶላር የተለቀቀ መድኃኒት ዛሬም በዓለም ላይ ብዙ ሰው እጅ አይደርስም። የእናቴን መቀነት ፈትታችሁ ብታዩ ይህን ትረዱኝ ነበር።

ሽልማትና ጠብ

በ1923 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ለባንቲንግና ለማክላውድ ተሰጠ። ባንቲንግ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ በሕክምናው ዘርፍ እስከ ዛሬ እንደሱ በወጣትነቱ የተሸለመ የለም። ደስ ይለዋል ስትሉ ግን ነደደ። በእሱ እምነት ሽልማቱ የሚገባው ለእሱና ከእሱ ጋር ለደከመው ለቤስት እንጂ በበጋው እረፍት ላይ ለነበሩት ለማክላውድ አልነበረም። የሽልማት ገንዘቡን ግማሽ ለቤስት አካፈለ። ማክላውድም በበኩላቸው ድርሻቸውን ለኮሊፕ አካፈሉ። ከዚያ በፊትም ባንቲንግ በቤተ ሙከራ ውስጥ ኮሊፕን አንቆ እንደነበር ይነገራል።

ይህን የማነሳው ሰውየውን ለማሳነስ አይደለም። ጀግኖቻችንን መልአክ አድርገን ስለምንጽፍ ነው። ባንቲንግ ቁጡ፣ ተጠራጣሪ፣ ቂም የሚይዝ ሰው ነበር። ዛሬ ብዙዎች እንደሚስማሙት ማክላውድ የሰጡት ቦታና ምክር፣ የኮሊፕም እጅ ባይኖር ሊዮናርድ አይድንም ነበር። ሁለቱም ነገር እውነት ነው።

የካናዳ ፓርላማ ለባንቲንግ ዕድሜ ልኩን በዓመት 7,500 ዶላር ፈቀደለት፤ በ1934 ደግሞ ሰር የሚል ማዕረግ አገኘ። ከዝና ሸሽቶ ሥዕል መሳል ይወድ ነበር፤ በ1927 ከታዋቂው ሠዓሊ ከጃክሰን ጋር ወደ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ተጉዞ በረዶውን ሥሏል። ማርያን ከተባለችው የመጀመሪያ ሚስቱ አንድ ወንድ ልጅ ወልዶ በ1932 ተፋቱ፤ በኋላ ሌላ አግብቷል። ምርምሩንም አልተወም፤ የማዕድን ሠራተኞችን ሳንባ ስለሚያጠቃው የድንጋይ አቧራ በሽታ አጥንቷል። እንደ ኢንሱሊን ያለ ነገር ግን ዳግመኛ አላገኘም።

የመጨረሻው በረራ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ባንቲንግ እንደገና የወታደር ልብስ ለበሰ። በከፍታ የሚበሩ አብራሪዎች ራሳቸውን እንዳይስቱ የሚረዳ ምርምር ያስተባብር ነበር። በየካቲት 1941 በዚሁ ሥራ ወደ እንግሊዝ ለመሄድ ከኒውፋውንድላንድ ተነሳ። አውሮፕላኑ ብዙም ሳይርቅ ሞተሩ ተበላሸና መስግሬቭ ሀርበር በተባለ ቦታ አጠገብ በረዶ ውስጥ ወደቀ። ከተሳፈሩት የተረፈው አብራሪው ብቻ ነው። ባንቲንግ በማግስቱ የካቲት 21 ቀን አረፈ። ሃምሳ ዓመት አልሞላውም ነበር።

ልደቱ ኅዳር 14 ቀን ከ1991 ጀምሮ የዓለም የስኳር ቀን ሆኖ ይታሰባል።

ከመርፌ በኋላ ምን አለ?

የወንድሜ ጥያቄ ሁለት ክፍል ነበረው። የመጀመሪያውን መለስኩ። ሁለተኛው፣ ለምን አያድንም የሚለው፣ ይቀራል።

ኢንሱሊን የጎደለውን ይተካል እንጂ ለምን እንደጎደለ አይነካም። እንደ ወንድሜ በልጅነት በሚጀምረው ዓይነት አንድ ስኳር፣ ከበሽታ ሊጠብቀን የሚገባው የሰውነታችን ወታደር ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ህዋሳት ጠላት ብሎ ይፈጃቸዋል። የቤቱ ዘበኛ የቤቱን ልጅ ገደለ እንደማለት ነው። ታዲያ ዘበኛውን ሳይገድሉ ማስታገስ ይቻላል? ተመራማሪዎች ለዚህ ወደ አንቲቦዲ ዞሩ።

አንቲቦዲ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው የመከላከያ ፕሮቲን ነው። ቅርጹ እንደ ባላ እንጨት ነው። ሁለቱ ቅርንጫፎች ጠላትን ለይተው ይይዛሉ፤ ግንዱ ሌሎችን ተዋጊዎች ይጠራል፣ ፕሮቲኑም ቶሎ እንዳይጠፋ ደም ውስጥ ለሳምንታት ያቆየዋል። እንግሊዛዊው ሮድኒ ፖርተር በ1950ዎቹ መጨረሻ ከፓፓያ በተገኘ ኢንዛይም ይህን ባላ ቆራረጠው። ያ ሰፈራችን በጋሪ የሚሸጠው ፓፓያ ማለት ነው! ቅርንጫፎቹና ግንዱ ተለያይተውም የየራሳቸውን ሥራ እንደሚሠሩ ታወቀ፤ በ1972ም ኖቤል ተሸለመበት። በ1993 ደግሞ የቤልጅየም ተመራማሪዎች በግመል ደም ውስጥ ከተለመደው ያነሰና ቀለል ያለ አንቲቦዲ እንዳለ አሳተሙ። ከእሱ ተቆርጦ የሚወጣው ያዥ ክፍል የሙሉው አንቲቦዲ አንድ አሥረኛ ያህላል። አፋርና ሶማሌ ግመሎቻችን የያዙት ሀብት ወተት ብቻ አይደለም እንዴ ያሰኛል።

እንግዲህ ከእነዚህ ቁርጥራጮች መድኃኒት ይሠራል። ግንዱ የተቆረጠ፣ ቅርንጫፍ ብቻ የቀረው አንቲቦዲ የተሳሳተውን ዘበኛ ሲይዝ አይጦችን ከስኳር እንደመለሰ በ1990ዎቹ ታይቷል። በዚያው መንገድ ግንዱ ተስተካክሎ የተሠራው ቴፕሊዙማብ በ2022 በአሜሪካ ተፈቀደ። በሽታው ገና ያልወጣባቸውን፣ ነገር ግን ምልክቱ በደማቸው የታየባቸውን ሰዎች በአሥራ አራት ቀን ሕክምና ሕመሙን በአማካይ ሁለት ዓመት ያህል ያዘገይላቸዋል። በ2014 የተፈቀደው ዱላግሉታይድ ደግሞ በተቃራኒው ግንዱን ይጠቀማል። በአዋቂዎች ለሚበዛው ዓይነት ሁለት ስኳር የሚረዳ ሆርሞን ከአንቲቦዲ ግንድ ጋር ተጣብቆ ደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ የሚወጉት በሳምንት አንዴ ነው። ኢንሱሊንንም ራሱን ከግንዱ ጋር አጣብቆ በሳምንት አንዴ ለማድረግ ያው በ1922 ከቶሮንቶ ጋር የተዋዋለው ኢላይ ሊሊ ሙከራ አድርጎ ከ2024 ጀምሮ ውጤቱን አሳትሟል። በሳምንት አንዴ!

ነገር ግን ማጋነን የጋዜጠኛ ኃጢአት ነው ተብለን ተምረናል። ከእነዚህ አንዱም ስኳርን ፈጽሞ አያድንም። ዋጋቸውም ለድሃ ሰፈር የሚቀመስ አይደለም። ቴፕሊዙማብ ለወንድሜ ዘግይቷል፤ ዱላግሉታይድም የእሱ ዓይነት ስኳር መድኃኒት አይደለም። ስለዚህ አዲስ መድኃኒት ሰማሁ ብሎ፣ ወይም ጸበል ገባሁ ብሎ ኢንሱሊኑን የሚተው ሰው ካለ እባካችሁ አስጥሉት። ጸበሉንም መርፌውንም አንድ ላይ መያዝ ይቻላል፤ እናቴ የምታደርገው እንደዚያ ነው።

ለመዝጋት ያህል

ባንቲንግ ያን ሌሊት ሐሳቡን የጻፈበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። ደጃፉ ላይ በ1989 የተለኮሰ እሳት ይነዳል። የሚጠፋውም ስኳርን የሚፈውስ መድኃኒት የተገኘ ቀን ነው ተብሏል። እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ይህን ለወንድሜ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና እሳቱን የሚያጠፋው ሰው ምን መማር እንዳለበት ጠየቀኝ። ባዮሎጂ ይመስለኛል አልኩት፤ ባንቲንግ አንደኛ ዓመት ላይ እንደወደቀም ጨመርኩለት። ሳቀ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ማሰሮዋ ሄደ፤ ብልቃጡን አውጥቶ እጁ ላይ አሞቀው። የማታው ሰዓት ደርሶ ነበር።

የሰፈራችን አያቶች የማይድን የተባለውን የሥጋ ደዌ ሲድን አይተዋል። የእኛ ትውልድ ደግሞ ያ እሳት ሲጠፋ እንዲያይ እመኛለሁ። እስከዚያው ማሰሮዋ ውሃዋ አይጉደል።

ቸር ይግጠመን።